ደግመህ አታሳየኝ

አንድ በእውቀቱ የተከበረ፣ በቁጣው የተፈራ የሒሳብ መምህር ነበር። ስሙ ዶክተር ልዑልሰገድ ይባላል፤ የሚያስተምረውም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ከወዲሁ እንያዝለት። የታመመ ይጠይቃል፣ ልቅሶ ይደርሳል፣ የቸገረው ተማሪ ሲያይ እጁ አይሰስትም። የተሳሳተ ሒሳብ ያየ እንደሆነ ግን ያ ሁሉ ደግነት ድራሹ ይጠፋል። ለእሱ ስህተት ማለት የእጅ መንሸራተት አይደለም፤ የጠባይ ጉድለት ነው። «ሒሳብ አይዋሽም፤ የሚዋሽ ሰው ነው» ይላል ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ። ተማሪዎቹም ዞር ሲልላቸው ጣታቸውን ቀስረው ይህንኑ እየደገሙ ይስቁበት ነበር።

ይህ መምህር አንድ የማይሻር ደንብ ነበረው። የመመረቂያ ሥራቸውን የሚያማክራቸው ተማሪዎች ሥራውን በፍላሽ ያመጡለታል፤ እሱም በገዛ ቢሮው፣ በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ያነበዋል። በራሳቸው ላፕቶፕ ሊያሳዩት ቢሞክሩ ፊቱን ያዞራል። ድሮ አንድ ብልጣብልጥ ተማሪ የሰው ሥራ በላፕቶፑ ከፍቶ የራሱ አስመስሎ አሞኝቶታል አሉ። ከዚያ ወዲህ «በገዛ መስታወቱማ ማን አስቀያሚ አለ?» የሚል አባባል አበጀ። በወረቀት ታትሞ የመጣንም ቢሆን አስቀድሞ በእሱ ኮምፒውተር ላይ ካላየው አይቀበለውም። ተማሪዎቹ ደንቡን ለምደውት ነበር፤ ማንም አልተጎዳበትም።

አንድ ክረምት ያ ኮምፒውተር ቫይረስ ገባበትና ፎርማት ተደረገ። ፎርማት ማለት መቼም ታጥቦ እንደ አዲስ መጀመር ነው፤ በላዩ የነበረው ሁሉ ይጠፋና ፕሮግራሞቹ አንድ በአንድ ይጫናሉ። የሒሳብ ሶፍትዌሩም እንደገና ተጫነ። ዶክተር ልዑልሰገድ መጀመሪያ ሲከፍተው አንዲት ትንሽ መስኮት ከመሀል ብቅ አለች። በውስጧ ጽሑፍ አለ፤ ከጽሑፉ ሥር «እሺ» የሚል ቁልፍ አለ፤ ከቁልፉ ጎን ደግሞ «ይህን መልእክት ደግመህ አታሳየኝ» የምትል ባዶ ሳጥን አለች። እሱ ጽሑፉን አላነበበም። ማንስ ያነባል? እናንተ ታነባላችሁ? ሳጥኗ ላይ ምልክት አደረገ፣ «እሺ»ን ተጫነ፣ መስኮቷም እንደታዘዘችው ዳግመኛ ብቅ ሳትል ቀረች። በዚያው ረሳት።

የዚያን ዓመት የሚያማክረው ተማሪ አንድ ብቻ ነበረች። ትርንጎ ትባላለች። ከአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ የመጣች፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ስታስተምር የኖረች፣ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ የመጣች ሴት ናት። የመመረቂያ ሥራዋም ስለዚያው ሐይቅ ነበር። ከአስጋሪዎቹ ጋር በጀልባ እየወጣች ውኃውን ስትለካ ከረመች፣ ልኩን ወደ ሒሳብ መለሰች፣ ሐይቁ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ አሰላች። የከተማው ሰው ውኃው እየሸሸ መሆኑን በዓይኑ ያያል፤ እስከ መቼ እንደሚቆይለት ግን የነገረው አልነበረም። ትርንጎ ይህንን ነበር ሠርታ የጨረሰችው። ፍላሹን ለዶክተሩ ስታስረክብ ፊቷ ሁሉ ጥርስ ነበር።

እሷ ከሄደች በኋላ ዶክተር ልዑልሰገድ ፋይሉን ከፈተ። ያለምንም ችግር ተከፈተለት። ፊደሎቹ አሉ፣ ቁጥሮቹ አሉ፣ ሥዕላዊ መግለጫዎቹም በየቦታቸው አሉ። እዚህም እዚያም ብቻ ትንሽ ትንሽ ክፍተት አየ፤ ሁለት ፊደሎች በመሀላቸው ምንም ሳይኖር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በሒሳብ ቋንቋ ደግሞ ጎን ለጎን የተቀመጡ ፊደሎች ይባዛሉ። «አጻጻፏ እንዴት ዝርክርክ ነው!» አለና እያባዛ ቀጠለ። ገጽ በገጽ ባነበበ ቁጥር ሥራው ይበልጥ ይጠምምበት ጀመር። መጨረሻ ላይ ሲደርስ የሐይቁ ዓመታዊ ለውጥ በቁጥር ተቀምጧል፤ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት የለበትም። በዚህ ቁጥር መሠረት ሐይቁ በየዓመቱ ይጨምራል። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን «ስለዚህ ሐይቁ እየቀነሰ ነው» ይላል።

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ተቀመጠ። ነገሩ ወለል ብሎ ታየው፤ ቢያንስ ወለል ብሎ የታየው መሰለው። ይህች ሴት መልሱን ከቤቷ ይዛ ነው የመጣችው። ሒሳቡን ለማስመሰል ደርድራዋለች፣ ማንም አያነበውም ብላ። ከሁሉ በላይ ያበገነው ደግሞ ሲያምናት መቆየቱ ነው። ስለ እሷ ለባልደረቦቹ በጉራ አውርቶ ነበር።

በማግሥቱ አስጠራት።

«ሐይቁ ይቀንሳል ነው ያልሽው?»

«አዎ ዶክተር።»

«ሒሳብሽስ ምን ይላል?»

«ያው ይቀንሳል ነዋ!»

ስክሪኑን አዞረላት። ትርንጎ ጎንበስ ብላ አየች፤ ዓይኗን ማመን አቃታት። «ዶክተር፣ የመቀነስ ምልክቱ የለም እኮ! እኔ ጽፌዋለሁ! እዚህም ነበር፣ እዚህም… ኧረ ሁሉም ጠፍቷል!»

«ማን ወሰደው?» አለ እየተሳለቀ።

«በእኔ ላፕቶፕ ላይ አለ። ይዤዋለሁ፣ አሁን ልክፈትልዎት።»

«በገዛ መስታወቱማ ማን አስቀያሚ አለ?»

«ምናልባት የእርስዎ ኮምፒውተር…»

ይህን ባትል ይሻላት ነበር። ዶክተር ልዑልሰገድ ፊቱ ተለዋወጠ። «የእኔ ኮምፒውተር ምን ሆነ? ምልክት ይበላል? ደብተሬን ጅብ በላው ሲሉ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ይሄ ግን አዲስ ነው!» ብሎ አሰናበታት።

ትርንጎ ሮጣ ሄዳ ሥራዋን በወረቀት አሳትማ መጣች። በወረቀቱ ላይ የመቀነስ ምልክቶቹ በሙሉ በየቦታቸው ነበሩ። ዘርግታ አስቀመጠችለት። እሱ አየና ራሱን ነቀነቀ፣ እንደመሳቅም አለ። «ቅድም ስነግርሽ አሁን ጨመርሽበት። እኔ ባላገኝብሽ ኖሮ ምልክቱ መቼ ይኖር ነበር?» አላት። እንግዲህ ለንጽሕናዋ ያመጣችው ማስረጃ ለጥፋቷ ማስረጃ ሆኖ አረፈው። ሰው አንዴ ከፈረደ በኋላ የምታቀርብለት ሁሉ ማገዶ ነው የሚሆነው።

በዚያው ሳምንት ዶክተሩ ለትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ ነገረ። «ውጤቱን አስቀድማ ወስና ቁጥር የፈጠረች ተማሪ አለች» አለ። ቅጣቱ የታወቀ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው መሰናበት። ኮሚቴው ገና ሳይሰበሰብ ወሬው ቀደመ። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ነገሩ ከቢሮ ወደ ካፍቴሪያ፣ ከካፍቴሪያ ወደ ዶርም፣ ከዶርም በስልክ እስከ ሐይቅ ዳሯ ከተማ ደረሰ። ታስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት «ትርንጎ ቁጥር ፈጥራ ተያዘች» ተባለ። የሐይቁን ነገር አቅልለው ያዩ የነበሩትም «አላልንም? ሐይቁ ደህና ነው» ብለው ተነፈሱ።

ትርንጎ ለመጨረሻ ጊዜ ቢሮው መጥታ ነበር። አልተቀመጠችም። «ዶክተር፣ ዲግሪው ይቅር» አለችው። «እኔ የማውቀው ሥራ ማስተማር ነው። ነገ ሰሌዳ ፊት ስቆም ልጆቹ 'ቁጥር የምትፈጥረዋ' ቢሉኝ ምን ብዬ ሒሳብ አስተምራቸዋለሁ?»

«ይህንንማ ቀድሞ ማሰብ ነበር» አላት።

እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞላ፤ እፊቱ እንዳይወርድ ፈጠን ብላ ወጣች። እሱም ወደ ሥራው ተመለሰ። ግን እውነት ለመናገር ያን ዕለት ብዙም አልሠራም፤ ድምጿ ከክፍሉ አልወጣለት ብሎ ቆየ።

በአገራችን ሰው ሲቀያየም ሽማግሌ ይላካል። ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ያው ነው። ጠጉራቸው የሸበተ ሁለት ሦስት ሰዎች የመምህሩን በር ያንኳኳሉ፣ «ልጅ ናት፣ አጥፍታለች፣ ስለ እኛ ብለህ» ይላሉ፤ መምህሩም ትንሽ ተግደርድሮ ይለዝባል። ዶክተር ልዑልሰገድ ሽማግሌዎቹን እየጠበቀ ነበር። እንዲያውም መልሱን አዘጋጅቷል። አጥፍቻለሁ ብላ ካመነች ከመሰናበት ተርፋ ሥራውን በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ትጀምራለች። በራሱ ዘንድ ይህ ትልቅ ምሕረት ነበር።

ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሲቃረብ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ አበጋዝ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ ልዑልሰገድን ራሱን ያስተማሩት። ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላቸው። ከኋላቸው ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ቢያይ ማንም የለም።

«ብቻዎን ነዎት ጋሼ? ሽማግሌ ብቻውን ይመጣል እንዴ?»

«ሽማግሌ ሆኜ አልመጣሁም» አሉ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያደረጉ። «ጓደኞቿ ለምነውኝ ነበር። እሷን ጠርቼ ባናግራት ግን 'ጋሼ፣ ይቅርታ የሚጠየቅለት ያጠፋ ነው፤ እኔ ምን አጥፍቼ ነው የሚለምኑልኝ?' አለችኝ። ሽምግልናው በዚያው ቀረ።»

«አዩዋት? ልቧ ድንጋይ ነው!»

«ይሆናል። እኔ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው የመጣሁት። ያንተን የዶክትሬት ሥራ ማየት አማረኝ።»

ልዑልሰገድ ደስ አለው። ያ ሥራ የሕይወቱ ኩራት ነው። መደርደሪያው ላይ በወርቅማ ፊደል ተጽፎበት፣ ተጠርዞ፣ ከሌሎቹ መጻሕፍት ፈንጠር ብሎ ለብቻው ይቀመጣል። እጁን ወደዚያ ሰደደ።

«እሱን አይደለም» አሉ ጋሼ አበጋዝ። «ወረቀትማ በደህናው ጊዜ የታተመ ነው። ፋይሉን ነው። አለህ?»

«እንዴት አይኖረኝ!» የዶክትሬቱን ፋይል በፍላሽ አድርጎ ከቤቱ ቁልፍ ጋር አንጠልጥሎት ነበር የሚዞረው። ሲዞር ግን ኖረ እንጂ ከፍቶት አያውቅም፤ በቃሉ የሚያውቀውን ምን ብሎ ይክፈተው?

«እንግዲያው የእሷን ባየህበት ክፈትልኝ።»

ፍላሹን ሰካ፣ ፋይሉን ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ደህና ነበሩ፤ ብዙም ሒሳብ የለባቸውም። ወደ ሦስተኛው ምዕራፍ ወረደ። ፈታኞቹ ያጨበጨቡለት ቀመር እዚያ ነው ያለው። «ይኸውልዎት ጋሼ፣ እዚህ ጋ…» ብሎ ጀመረና ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። ቀመሩ ተበጣጥሷል። ፊደሎቹ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በመሀላቸው ባዶ ክፍተት ነው። ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ታች ወረደ። በጠቅላላው ሥራ ውስጥ አንድ የመቀነስ ምልክት የለም። እንዲህ ተነቦ ያ ሁሉ የተደነቀ ማረጋገጫ ከአንድ ሰነፍ ተማሪ ፈተና የባሰ ነበር።

«ኧረ! ኧረ ይሄ ማሽን ተበላሽቷል!» አለ።

ጋሼ አበጋዝ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አዩ።

«እኔ ጽፌዋለሁ እኮ! ሁሉም ጠፍቷል! በወረቀቱ ላይ አለ፣ ይኸው ላሳይዎት!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣና የተጠረዘውን መጽሐፍ ጎትቶ አወጣ።

«ወረቀቱን ተወው» አሉ በእርጋታ። «ኋላ ጨምረህበት እንደሆነስ?»

ልዑልሰገድ መጽሐፉን እንደያዘ ቆመ። የተናገረው ሁሉ የሰው ቃል መሆኑ ያን ጊዜ ገባው። አንዲት ሴት በዚያው ቢሮ፣ በዚያው ስክሪን ፊት ቆማ አንድ በአንድ ብላዋለች። «ማሽኑ ይሆናል» ስትል ስቆባታል፤ ወረቀት ስታመጣ ፈርዶባታል። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ተቀመጠ።

«ልዑል» አሉ ጋሼ አበጋዝ፣ ተማሪያቸው በነበረበት ጊዜ እንደሚጠሩት። «ያንተ ሲጠፋ ማሽኑ ተበላሸ አልክ። የእሷ ሲጠፋ ሴትዮዋ ዋሸች አልክ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይሉ የለ?»

«አላወቅሁም ጋሼ።»

«አላወቅህም። ድሮ በአማርኛ የተጻፈ ነገር በኢሜይል ሲላክልን ሳጥን ሳጥን ብቻ ይታየን ነበር፣ ትዝ ይልሃል? ያኔ ላኪውን መጻፍ አይችልም አልነው? ፊደሉ የሚታይበት ፎንት የለንም አልን እንጂ።»

«ያኔ ሳጥኑ ይታይ ነበር። ይሄ ግን ባዶ ነው። ሳጥን እንኳ ቢያሳየኝ እጠረጥር ነበር።»

«አዎ፣ ባዶ ነው። ባዶውን በግምትህ የሞላኸው አንተ ነህ» አሉ። ከዚያም «ፕሮግራሙ ሲጫን ምንም አላለህም?» ሲሉ ጠየቁት።

«ምንም አላለኝም» አለ። እንዲህ እንዳለ ያቺ ትንሽ መስኮት ትዝ አለችው። ወደ ማስተካከያው ገብቶ የተዘጉ መልእክቶች በሙሉ እንደገና እንዲታዩ አደረገ፣ ፕሮግራሙን ዘግቶ ዳግም ከፈተው። መስኮቷ ብቅ አለች። በዚህ ጊዜ አነበባት። «የሒሳብ ምልክቶች የሚጻፉበት ፎንት በዚህ ኮምፒውተር ላይ አልተገኘም። አንዳንድ ምልክቶች ላይታዩ ይችላሉ። ፋይሎችዎ ግን ጉዳት አልደረሰባቸውም» ትላለች። ከሥሯ «እሺ»፣ ከጎኗ ያቺ ሳጥን።

«ነግሮሃል እኮ» አሉ ጋሼ አበጋዝ።

«ነግሮኛል። ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ።»

ትርንጎም ነግራው ነበር። ይህንን ጋሼ አበጋዝ አላሉትም፤ ማለት አላስፈለጋቸውም። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አንሥተው «በል እንግዲህ ፎንቱን ጫነው፤ የደቂቃ ሥራ ነው» አሉት። እሱም እጁን ዘርግቶ ሊጀምር ሲል መለሰው።

«አይ፣ አሁን አልጭንም። ኮሚቴው መጀመሪያ እኔ ያየሁትን ይይ።»

ኮሚቴው በተሰበሰበ ዕለት ዶክተር ልዑልሰገድ ያንኑ ኮምፒውተር ተሸክሞ ስብሰባው አዳራሽ ገባና ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘው። ትርንጎ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀምጣለች፤ ማንንም አታይም። እሱ በግድግዳው ላይ ርዕስና ስም የሌለበት አንድ ገጽ አሳየ። «ከመጀመራችን በፊት ይህን ሥራ ተመልከቱልኝና የሚሰማችሁን ንገሩኝ» አለ።

መምህራኑ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ገጹን አነበቡ። ከዚያ አንደኛው ሳቅ አመለጠው። «ይሄ ምንድን ነው? አልጀብራ የት ነው የተማረው ይሄ ሰውዬ?» አለ። ሌላው «እዚህ ጋ ያባዛል፣ እዚህ ጋ ደግሞ ከየት እንዳመጣው አይታወቅም። ማስመሰል ነው እንጂ ሒሳብ አይደለም» አለ። ሰብሳቢዋ እንኳ፣ ብዙ የማይናገሩት፣ «እንዲህ ያለውን አስመርቀን ከሆነ ለእኛም ነውር ነው» አሉ። ሁሉም የትርንጎ ሥራ መስሏቸው በጎን በጎን ወደ በሩ ይመለከቱ ነበር። ትርንጎ ግን ግድግዳውን አይታ ግራ ገብቷታል፤ የእሷ አይደለማ።

«የማን ነው ግን?» ብለው ሰብሳቢዋ ጠየቁ።

«የእኔ ነው» አለ ዶክተር ልዑልሰገድ። «ዶክተር ያሰኘኝ ይህ ነው።»

በአዳራሹ የሚስቅ ጠፋ። እሱም ማንንም ሳያይ ቁጭ ብሎ የጎደለውን ፎንት ጫነ። ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። ያንኑ ገጽ መልሶ ከፈተ፤ የመቀነስ ምልክቶቹ እነዚያ ትንንሽ ሰረዞች በየክፍተታቸው ቆመው ታዩ። ቀጥሎ የትርንጎን ሥራ ከፈተና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ በዝግታ አሳየ። አንድም ስህተት አልነበረበትም። መጨረሻው ላይ ከሐይቁ ቁጥር ፊት ያቺ ሰረዝ ነበረች።

ዶክተሩ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ፣ ትርንጎ ፊት ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። «ትርንጎ፣ ይቅር በይኝ። ሥራሽ ቀድሞም ልክ ነበር፤ የተበላሸው የእኔ ማያ ነው።»

ትርንጎ ከወንበሯ ተነሣች። «እኔስ ይቅር ብያለሁ ዶክተር» አለች። «ፎንቱን ይኸው ጫኑት፣ ተስተካከለ። ስሜንስ እንዴት አድርገው ነው የሚመልሱልኝ? እሱ እኮ በየሰው አፍ ላይ ነው ያለው።»

ለዚህ ፕሮግራም አልተሠራለትም። ዶክተር ልዑልሰገድ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ትርንጎ ተመርቃ ወደ ሥራዋ ስትመለስ አብሯት ሄደ። ጠዋት በሰልፍ ላይ፣ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ፣ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዶ ተማሪዎቹና መምህራኑ ፊት ወጣ። የከተማው ሰውም ነገሩን ሰምቶ በአጥሩ ዙሪያ ቆሞ ነበር። «እኔ የመምህርት ትርንጎ አስተማሪ ነኝ» አለ። «ቁጥር ፈጥራለች ብዬ በዩኒቨርሲቲው ያስወራሁት እኔ ነኝ። አልፈጠረችም። እኔ ሥራዋን ያየሁት በጎደለ ኮምፒውተር ነው፤ ጉድለቱን ማሽኑም እሷም ሲነግሩኝ አልሰማሁም። ለክታ ያገኘችው ሁሉ ልክ ነው።»

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፣ ሴቶቹ ከአጥሩ ማዶ እልል አሉ። ትርንጎ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ጭብጨባው ጋብ ሲል ርዕሰ መምህሩ አንድ ነገር ገባቸውና ዞር አሉ።

«እንግዲህ… ሐይቁ በእውነት እየቀነሰ ነው ማለት ነዋ?»

«ነው» አለ ዶክተሩ።

ያን ጊዜ ሁሉም በአንድነት ዞሮ ወደ ውኃው አየ። ያጨበጨበም አልነበረም። እስከዚያ ዕለት ድረስ በዶክተሩ ስህተት ተጽናንተው የከረሙት ሰዎች፣ ለካ የጠፋችው ሰረዝ የትርንጎን ስም ብቻ ሳይሆን የራሳቸውንም ጊዜ ስትበላባቸው ነበር የቆየችው።

ነገሩ ይህ ነው። የምናይበት መሣሪያ ሲጎድል የጎደለው እኛ ዘንድ መሆኑ አይታየንም፤ የጎደለው ሌላው ሰው መስሎ ይታየናል። ባዶ ያየነውን ቦታ ደግሞ ባዶ ብለን አንተወውም፤ በገዛ ጥርጣሬያችን እንሞላውና «እሱ ነው የጻፈው» እንላለን። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ የሰው ሥራ ተበላሽቶ በታየህ ጊዜ፣ ከመፍረድህ በፊት የራስህን አውጣና በዚያው መስኮት ክፈተው። የራስህም ተበላሽቶ ከታየህ ያወጣኸውን ፍርድ መልሰው፤ ጊዜውም ሳይረፍድ መልሰው፣ ከአፍ ወጥቶ አፋፍ ሳይደርስ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ላብቃ። ጉድለታችንን ሊነግረን ብቅ ብሎ የነበረ፣ እኛ ግን ሳናነብ «እሺ» ብለን የዘጋነው፣ ደግመህም አታሳየኝ ያልነው ማን ነበር?